ቁልቢ ላይ «አትሂጂ» አይባልም

ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚደርስ ሰው ወይ ስለት ሊያገባ ነው፣ ወይ ስለት ሊሳል። ጃንጥላ የተሸከመ አለ፣ ጧፍ የታቀፈ አለ፣ በሬ የሚነዳ አለ፣ በስለት የተገኘ ልጁን ክርስትና ሊያስነሣ በነጠላ ጠቅልሎ የመጣ አለ። ቦታው ራሱ ከራስ መኮንን ስለት ጋር ተያይዞ ነው የሚነገርለት። ከስለቶቹ መሀል እየበዛ የመጣው ግን አጭር ነው፦ «ቪዛዬ ከወጣልኝ»።

በእምነት ላይ የቆሙ የመብት ማኅበራት ወደ እንዲህ ያለ ንግሥ የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ቤሩት የምትሄደውን ልጅ ኤርፖርት ላይ ማግኘት ዘግይቷል፤ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ በሬው ተሸጧል። ቁልቢ ላይ ግን ገና ልትወስን ነው፣ ከጎኗም ገንዘቡን የምትከፍለው እናቷ አለች። ይህ ጽሑፍ ያ ሥራ እንዴት ቢሠራ እንደሚያዋጣ፣ የት ላይ እንደሚበላሽም ነው። እንደዚህ ያለ ሥራ የሚያስቡ ሰበካ ጉባኤዎች፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የጉዞ ማኅበራት ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ከሁሉ በፊት መታረም ያለበት መልእክቱ ነው። በብዙ የቅስቀሳ ወረቀት ላይ የሚገኘው ቃል «ሕገወጥ ስደት ይቁም» ወይም «አትሂዱ» ነው። ለቪዛ ተስላ፣ ሌሊቱን ማኅሌት ስትሰማ ላደረች ልጅ ይህ ቃል መልአኩ ሊሰጠኝ ነው ያለችውን የሚነጥቅ ቃል ነው። ወረቀቱን ትቀበላለች፣ ታጥፈዋለች፣ ትሄዳለች። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ለቤት ሠራተኝነት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አግዶ ነበር፤ እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ሲቆይ መንገዱ አልተዘጋም፣ ወደ ደላላና ወደ ባሕር ዞረ እንጂ። «አትሂጂ» የሚለው ቃል ያኔም አላገደም። ስለዚህ ስለቱን ትተን የሥራ ውሉን እንያዝ። «ገብርኤል ይቅደምልሽ፤ ውልሽን ግን አይተሽዋል?» ስትባል ልጅቷ ቆማ ትሰማለች።

የዕለቱ ስብከትም ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ያህል ነው። ታኅሣሥ 19 የሚታሰበው ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶን እሳት የዳኑበት ነው። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከአገራቸው ተማርከው በሰው ቤተ መንግሥት የሚያገለግሉ ልጆች ነበሩ። የጃንደረቦቹ አለቃ መጀመሪያ የወሰደባቸው ስማቸውን ነው፦ ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ አላቸው። ሐምሌ 19 የሚታሰቡት ቂርቆስና ኢየሉጣም ከመኰንን ሸሽተው በተሰደዱበት አገር የተያዙ እናትና ልጅ ናቸው። ሁለቱም የቁልቢ ክብረ በዓላት የስደተኛ ታሪክ ናቸው ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰባኬ ወንጌል ከማንም ባለሙያ ይልቅ ይሰማል።

የስሙ ነገር ምሳሌ ብቻ አይደለም። ወደ ዐረብ አገር ቶሎ ለመሄድ ሲባል ስሟና የአባቷ ስም የተቀየረ፣ ዕድሜዋ ከ16 ወደ 24 የተጻፈ ልጅ ብዙ ናት። ደላላው «ወረቀት ብቻ ነው» ይላታል። ነገር ግን በዚያ ስም ነው ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሚወጣላት፣ በዚያ ስም ነው ደመወዟ የሚገባው፣ በዚያ ስም ነው የምትታሰረው። እናቷ ኤምባሲ ሄዳ በጥምቀት ወይም በቀበሌ ስሟ ብታስፈልጋት የለችም። ብትሞትም አስከሬኗ በማይታወቅ ስም ይቀመጣል። ይህን ከሠለስቱ ደቂቅ ስም ጋር አያይዞ በሦስት ዓረፍተ ነገር የሚናገር ሰባኪ አንድ ሺህ ወረቀት ከማደል ይበልጣል።

ዐውደ ምሕረቱ ላይ ማኅበሩ ራሱ መናገር የለበትም። እዚያ የሚቆመው የተፈቀደለት መምህር ነው፤ ማይክ ለመያዝ የሚሟገት ማኅበር በማግስቱ ፈቃዱን ያጣል። የሚሻለው ከበዓሉ ሁለት ወር ቀድሞ፣ በጽጌ ጾም ውስጥ፣ ለሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ማስገባት ነው። ጊዜውም የእመቤታችን ስደት የሚታሰብበት ስለሆነ ጉዳዩን ለማስረዳት ቃል አያጥርም። ከሀገረ ስብከቱ መልስ ሲገኝ በግልባጭ ለገዳሙ አስተዳደር፣ ለወረዳው አስተዳደርና ለፖሊስ ይደርሳል። በደብዳቤው ላይ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚታደል መጻፍ አለበት፤ የሚታደለው ነገር ናሙናም ይያያዝ። «ግንዛቤ ማስጨበጫ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ በበዓሉ ዋዜማ በር ላይ ለቆመ ፖሊስ ምንም አይነግረውም፣ እሱም መልሶ ይልካችኋል።

የታደለው ወረቀት ላይ የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል ማተም ትልቁ ስሕተት ነው። ሐሳቡ ከቅን ልብ ይመጣል፤ ውጤቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሰው ሥዕሉን ስሞ ወደ ቦርሳው ይከተዋል እንጂ ጀርባውን አያነብም፤ ሥዕሉን ፍለጋም ግፊያ ይነሣል፣ ሕፃን የያዙ እናቶች ይረገጣሉ። ሁለተኛ፣ ከታደለው ውስጥ የተወሰነው መሬት ላይ ይወድቃልና ሥዕሉ በእግር ይረገጣል። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ምንም ቢል የሚሰማው የለም። ነጭ ካርድ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ይበቃል።

ካርዱ የኤቲኤም ካርድ ያህል ይሁን፣ 8.5 በ5.4 ሳንቲ ሜትር። በአንድ በኩል አማርኛ፣ በሌላው አፋን ኦሮሞ፤ የአካባቢው ሰውና ከሐረርጌ ገጠር የሚመጣው ወጣት አብዛኛው የሚያነበው አፋን ኦሮሞ ነውና። ከአርባ ቃል አይብለጥ። ስልክ ቁጥር ሲጻፍ በ09 ከጀመረ ከሪያድ አይሠራም። የመደመር ምልክቱና 251 ገብቶ፣ ዜሮው ወጥቶ መጻፍ አለበት። ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ቁጥር ከኢትዮ ቴሌኮምም፣ ከሳፋሪኮምም፣ ከውጭ አገርም ደውሎ መሞከር ያስፈልጋል። አምስት ሺህ ካርድ ከታተመ በኋላ አንድ አሐዝ የጎደለ ቁጥር ማግኘት በዚህ ሥራ ያልተለመደ አይደለም።

ካርዱ የትም ይቀመጥ፣ አሠሪዋ ፓስፖርቷን ስትወስድ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ሻንጣዋም ይፈተሻል፣ ስልኳም ይወሰዳል። በእስክሪብቶ ልብስ ላይ የተጻፈ በሁለት እጥበት ይለቃል። የሚቆየው በመርፌና በክር የተጠለፈ ነው። በነጠላው ጥለት ጀርባ ወይም በቀሚሱ ጠርዝ ውስጠኛ ክፍል፣ የልብሱን ቀለም በሚመስል ክር፣ አንድ ቁጥር ብቻ። ከ251 በኋላ ያሉት ዘጠኝ አሐዞች ናቸው፤ መርፌ ለለመደች እጅ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ለጃንጥላ ዘርፍ ስትሰፋ የኖረች እናት ይህን ማስተማር አያስፈልጋትም፣ ሐሳቡን መስማት ብቻ ነው የሚበቃት። ማኅበሩ ምክር በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ መርፌ፣ አምስት ስድስት ዓይነት ክርና ትንሽ መቀስ ማስቀመጥ ከማንኛውም ፖስተር ይልቅ ሰው ያስቀምጣል። እጅ ሲሠራ አፍ ይከፈታል።

ስለ ጠረጴዛው ካነሣሁ፦ መግቢያው በር ላይ አይቀመጥ። እዚያ ሰው ይገፋል፣ ነዳያን ይቀመጣሉ፣ ፖሊስም ያነሣችኋል። ውኃ የሚቀዳበት፣ ክርስትና የሚነሡ ሕፃናት ወላጆች የሚሰለፉበትና ድንኳን የተተከለበት ሜዳ ዳር ነው ቦታው። ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ጎን ለጎን፣ ፊታቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን። ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች ምርመራ ላይ ያሉ ይመስላሉ፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሴቶች ግን ሲያወጉ ነው የሚመስሉት። ይህ ለደኅንነትም ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ደላላም ቁልቢ ይመጣል። ከልጅቷ ጎን የቆመችው «አክስት» አክስት ላትሆን ትችላለች። ስለዚህ በሰው ፊት «ልትሄጂ ነው ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም፣ ስም አይመዘገብም፣ ፎቶ አይነሣም። ገንዘብ የሰጠው ድርጅት ፎቶ ከፈለገ የጠረጴዛውን፣ የካርዱን ወይም የክሩን ፎቶ ይውሰድ። ነጠላዋን ተከናንባ የምታለቅስ ልጅ ፎቶ ለሪፖርት መዋሉ ነውር ነው፤ ይህን በግልጽ ጽፎ መላክ የማኅበሩ ድርሻ ነው።

የማኅበሩ ስም የተጻፈበት ሰደርያም አይለበስ። ሰደርያ ያየ ሰው እርዳታ የሚታደል ይመስለዋል፣ ሰልፍ ይሠራል፣ ባዶ እጁን ሲመለስ ይቆጣል። ሴቶቹ ነጠላ፣ ወንዶቹም እንደ ማንኛውም ምእመን ጋቢ ይልበሱ፤ ደጋ ነው፣ የታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል። መታወቂያውና የፈቃዱ ደብዳቤ ግልባጭ በኪስ ይሁን። አሥራ ሁለት ሰው በቂ ነው፦ በየሁለቱ እየሆኑ በድንኳኖቹ መሀል የሚዞሩ ስምንት፣ ጠረጴዛ ላይ ሁለት፣ አስተባባሪና ሾፌር። ከሚዞሩት ጥንዶች እያንዳንዱ ውስጥ ዐረብ አገር ኖራ የተመለሰች ሴት ብትኖር መልካም ነው። ግን ታሪኳን በሞንታርቦ እንድትናገር አይጠየቅም። ባዶ እጇን መመለሷን በአደባባይ የተናገረች ሴት ማታ ብቻዋን ስትሆን የሚደርስባትን ማንም አያየውም። የእሷ ጥቅም ቃሉን ማወቋ ነው፦ ከፊል (ቪዛውን ያወጣላትና ኃላፊዋ የሆነው አሠሪ)፣ ማዳም (የቤቱ እመቤት)፣ ኢቃማ፣ ሁሩብ (ጠፍታለች የሚል ክስ)። አሠሪው «ሁሩብ» ብሎ ካስመዘገበ ከቤት የወጣችው ሠራተኛ እንደ ጠፋች ተቆጥራ ልትያዝና ልትባረር እንደምትችል፣ በሰላሳ ሰከንድ በሚገባ ቋንቋ የምታስረዳው እሷ ናት።

ጊዜውን መምረጥ ግማሽ ሥራ ነው። ታኅሣሥ 17 ከሰዓት በኋላና 18 ቀን እስከ ዋዜማው ጥሩ ነው፤ ሰው ደርሶ፣ ድንኳኑን ተክሎ፣ ቡና አፍልቶ ተቀምጧል። ማኅሌቱ ከቆመ ጀምሮ ታቦቱ ዑደት አድርጎ እስኪመለስ አንድም ቃል አይነገርም፣ አንድም ካርድ አይታደልም። ታቦቱ እንደገባ ሰው ወደ መኪና ይሮጣልና ያን ጊዜም አይሆንም።

ንግግሩ ራሱ ከእናቲቱ ቢጀምር ይሻላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እንዲህ ይሄዳል፦

«እናቴ፣ እንኳን አደረሰዎት።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን ልጄ።»

«ስለት ነው?»

«ለዚች ልጄ ነው። ሳዑዲ ልትሄድ ነው፤ በሰላም ግቢልኝ ብዬ።»

«ገብርኤል ይቅደምላት። ስንት ጠየቋችሁ?»

እዚህ ላይ ዝምታ ይመጣል። ከዝምታው በኋላ ብዙ ጊዜ «ለቲኬቱ ብቻ ነው» ትላለች።

«ቲኬቱማ የአሠሪዋ ነው እናቴ። በሕጉ እናንተ አትከፍሉትም።»

ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር የሥራው ሁሉ እምብርት ነው። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የመድን ወጪ በአሠሪው ላይ ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለልደት የምስክር ወረቀትና ለመሳሰሉት የራሷ ሰነዶች ነው። ኤጀንሲው ከሠራተኛዋ የአገልግሎት ክፍያ መቀበል አይችልም። አዋጁ በ1246/2013 ሲሻሻል ብዙ ነገር ተነካክቷልና አገልጋዮቹ ሁለቱንም አንብበው፣ ከሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አረጋግጠው ይምጡ። ሌላው ቤተሰብ የማያውቀው ነገር ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በተናጠል ተጠያቂ መሆኑ ነው። ሪያድ ያለው ከፊል ደመወዟን ቢበላ እዚህ ቢሮ ያለው ኤጀንሲ ይጠየቅበታል፤ ለዚህም ፈቃድ ሲያወጣ በዝግ ሂሳብ ያስያዘው ዋስትና አለ። ኤጀንሲውን መጠየቅ የሚቀላት ግን ውሉ በእጇ ሲሆን ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ «ውሉ የት ነው?» የሚለው ነው። በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥርዓት ተመዝግቦ ያልጸደቀ ውል ውል አይደለም። የቱሪስት ወይም የጉብኝት ቪዛ ይዛ እንድትሄድ የተነገራት ልጅ ለሥራ ሳይሆን ለሰው ንግድ እየተዘጋጀች ሊሆን ይችላል። «ፍሪ ቪዛ» የሚባለውም ያው ነው፤ ከወረቀቱ ጀርባ የማታውቀው ከፊል አለ። የአሠሪው ሙሉ ስም፣ ከተማ፣ ስልክና የደመወዙ መጠን የተጻፈበት ገጽ በስልክ ተነሥቶ ለእናት፣ ለወንድምና ለአንድ የታመነ ጎረቤት ይላክ። አንድ ሰው ጋ ብቻ የተላከ ፎቶ ስልኩ ሲሰረቅ ይጠፋል። ደመወዙም በየአገሩ ይለያያል። ኳታር ከመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም ሠራተኛ፣ ለቤት ሠራተኛም ጭምር፣ ዝቅተኛውን ወርኃዊ ደመወዝ 1,000 ሪያል አድርጋለች። የሊባኖስ የሥራ ሕግ ደግሞ በ7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኛን ጭራሽ ከሽፋኑ ያወጣል። «ዐረብ አገር» ብሎ አንድ አገር የለም፤ ለቤሩት የምትሄደውን በኳታር ሕግ ማጽናናት እሷን ማታለል ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ «ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም የማነው?» ነው። እሱን ከላይ ተናግሬአለሁ።

ስለ ባሕሩ መንገድም ዝም ማለት አይቻልም። ቁልቢ በድሬዳዋ አቅራቢያ ነው፤ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ ወደ ኦቦክ ወደብ፣ በጀልባ ወደ የመን የሚወስደው መንገድ ለሐረርጌ ወጣት ሩቅ ወሬ አይደለም። ይህን መንገድ የሚያስቡት ባብዛኛው ወንዶች ልጆች ናቸው፤ ጠረጴዛ ጋ አይመጡም፣ ቆመው ነው የሚያወሩት። ለእነሱ የሚነገረው አጭርና እውነት ይሁን። ሂውማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሲሻገሩ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በአንድ ዓመት ከጥቂት ወር ውስጥ መግደላቸውን ጽፏል፤ የሳዑዲ መንግሥት አስተባብሏል። ዘገባውን መንገር ይበቃል። የሬሳ ፎቶ በስልክ ማሳየት ግን ለሟቹም ክብር አይሆንም፤ ወጣቱም ዐይቶ ለምዶታል፣ ፊቱን ያዞራል።

ሙስሊም ጎረቤቶችም ቁልቢ ይመጣሉ፣ ይሳላሉ፣ ያስገባሉ። ጠረጴዛው ለእነሱም ነው። ካርዱ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ባይኖር የሚሻለውም ለዚህ ነው። የሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ ይከፈል የሚለውን የዘዳግም ቃል፣ የተበላ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ የሚናገረውን የያዕቆብን መልእክት ሰባኪው በቦታው ይናገረው። ጠረጴዛው ጋ መጥታ ምክር የጠየቀችን ሴት ማንም ሃይማኖቷን አይጠይቃት።

ስለት ልታስገባ የመጣችው ተመላሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ጃንጥላውን ይዛ እልል ስትል የስምንት ወር ደመወዝ ተበልቶባት ሊሆን ይችላል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ከሳዑዲ ሲመለስ፣ ያልተከፈለውን ይዞ የመጣ ብዙ ነበር። ለእሷ የሚነገራት አንድ ነገር ነው፦ ስልክሽን አትቀይሪ፣ ከማዳምሽ ጋር የተላላክሽውን የድምፅ መልእክት አታጥፊ፣ የሐዋላ ደረሰኝሽን አትጣዪ። ክስ የሚቆመው በእነዚህ ነው። አእምሮዋ ተጎድቶ ለጠበል የመጣች ከሆነችም ጠበሉን ማንም አይከልክላት፤ ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት ግን ለጠበሉ ብላ እንዳታቋርጥ፣ አስታማሚዋንና አጥማቂውን ለይቶ ማነጋገር ነው።

ከበዓሉ በኋላ ሪፖርት ሲጻፍ «አምስት ሺህ ሰው ደረስን» የሚል ቁጥር ይመጣል። አምስት ሺህ ካርድ ነው የታደለው። ሰው የሚቆጠረው በሌላ ነው፦ ስንት ሰው ወንበሩ ላይ ከአሥር ደቂቃ በላይ ተቀመጠ፣ ስንት ቁጥር ተጠለፈ፣ በቀጣዩ ሠላሳ ቀን ስንት ስልክ ተደወለ። ስም ሳይጻፍ፣ በወረቀት ላይ በጭረት ብቻ ይቆጠራል። የሚደወልለት ስልክ ደግሞ የሚያነሣው ሰው ያለው መሆን አለበት። በበዓሉ ሰሞን ብቻ የሚነሣ ስልክ ታትሞ ከሚታደል ካርዱ ባይታተም ይሻላል።

የቀረው አውቶቡሱ ነው፤ እንደ እኔ ከሆነ ትርፍ የሚገኝበትም እሱ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት የቀን ሙሉ መንገድ አብረው ይቀመጣሉ፣ የሚሮጡበትም የለም። የጉዞ ማኅበሩን አስተባባሪ ቀድሞ ማነጋገርና በፍላሽ የተቀዳ አሥራ ሁለት ደቂቃ ድምፅ መስጠት ነው። ሦስት ቁራጭ ይሁን፣ እያንዳንዱ አራት ደቂቃ፣ በመሀሉ መዝሙር። ከቁልቢ እስከ ጨለንቆና ሂርና ያለው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ሰው ያቅለሸልሸዋል፣ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረም ይተኛል፣ ያኔ አይከፈትም። ጭሮ ላይ ምሳ ይበላል። ሚኤሶን አልፎ ሜዳው ላይ ሲወጡ ሰው ነቅቷል፣ መንገዱም ቀጥ ብሏል፤ ረዳቱ ፍላሹን የሚሰካው ያን ጊዜ ነው። ሞተሩ ስለሚጮኽ ድምፁ የሴት ቢሆን ይለያል፣ ከበስተጀርባውም ምንም ዜማ አይግባበት። ከአስተባባሪዋ ጋር ሁለት መርፌና አንድ ጥቅል ክር ይላክ፤ እስከ አዋሽ ድረስ ከወንበር ወንበር ይዞራል።